ጥቁሪት ውሃ ስትጠጣ

ወረታ፣ እኛ ሰፈር፣ ኩሬ ያላት ትንሽ መናፈሻ አለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰዎች ውሾቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ልጄ እዚያ መሄድ ትወዳለች፤ እኔ ግን ውሻ ባየሁ ቁጥር እጇን ጨምድጄ እይዛለሁ። «እማዬ፣ አመመኝ እኮ!» ትለኛለች። የረጠበ የውሻ ጠጉርና የኩሬ ጭቃ አንድ ላይ ሲሸተኝ ዕድሜዬ ሁሉ ይጠፋብኛል።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ፎገራ ሜዳው ላይ ነበር። በግጦሹ መሐል ከብት የሚጠጣበት ኩሬ ነበረን። የሰፈሩ ውሾች የሚውሉት እዚያ ነው፤ እኛም ልጆቹ እዚያው ጭቃ ስናቦካ እንውላለን። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን የጎረቤታችን የአያ ሙላት ውሻ ጥቁሪት ከኩሬው ዳር ከበቀለው ደንገል ውስጥ ተወርውራ ወጥታ ባቴን ነከሰችኝ። ከእጄ ስንት ጊዜ የበላች ውሻ! ነክሳኝ ተመልሳ ደንገሉ ውስጥ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አላያትም። ነክሳ ስለጠፋች አብዳለች ተባለ።

ዛሬ ቢሆን ሩጫው ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ያኔ አባቴ አዝሎ የወሰደኝ መድኃኒት አዋቂ ወደሚባሉ መሪጌታ ነበር። ሥር ወቅጠው፣ በወተት በጥብጠው አጠጡኝ፤ ምሬቱ እስካሁን ምላሴ ላይ አለ። ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው አባቴን አስጠነቀቁት። «እስከ እንቁጣጣሽ ውሃ እንዳትሻገር። ከተሻገረች መድኃኒቱ ይፈርስባታል፤ ከፈረሰ ወዲያ እኔም አላድናት» አሉ። አባቴ እጅ ነሥቶ «እሽ የኔታ» አለ። እንግዲህ ፎገራ ላይ፣ በክረምት፣ ውሃ ሳይሻገሩ መኖር! መሪጌታ የደጋ ሰው ስለነበሩ አልፈርድባቸውም። ያን ቀን አባቴ ቦይ ባየ ቁጥር እየዞረ አመሻሽተን ቤት ገባን።

ከዚያ በኋላ ከደጃፋችን አልወጣሁም። ልጆቹ ከሩቅ ቆመው «መቼ ነው የምትጮኺው?» ይሉኛል። ያበደ ውሻም፣ እሱ የነከሰው ሰውም ውሃ ይፈራል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ጧት ጧት ስነቃ መጀመሪያ ውሃ እጠጣለሁ። ከፍርሃቴ የተነሣ ጉሮሮዬ ይያዛል፤ ጉሮሮዬ ሲያዝ ደግሞ «ይኸው ጀመረኝ» ብዬ የባሰውን እፈራለሁ። ለእናቴ አልነግራትም፤ ብነግራት የምታስረኝ ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ የርብ ወንዝ ሞላ። እኔ ውሃ እንዳልሻገር ስጠበቅ ውሃው ራሱ እኔ ድረስ መጣ። ጧት የሩዝ ማሳው ውስጥ ነበር፤ ቀትር ላይ የበረታችንን አጥር አልፎ ምድጃችን ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ይሸሻል። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ ቀደመች። እኔ መደቡ ላይ ቆሜ አልሄድም አልሁ። «አባየ፣ ከተሻገርሁ እኮ አብዳለሁ!» እያልሁ አለቀስሁ።

አባቴ ውሃው ውስጥ እንደቆመ አንዴ ውሃውን፣ አንዴ እኔን አየ። እሱም እንደኔው ፈርቶ እንደነበር የገባኝ አሁን፣ ራሴ ከወለድሁ በኋላ ነው። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝና «ነይ፣ ትከሻየ ላይ ውጪ። እግርሽን ብቻ ሰብስቢ። የምሻገረው እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽም፤ የሚመጣው ሁሉ በእኔ ይምጣ፣ ልጀ» አለኝ።

ጠጉሩን ጨምድጄ እግሬን ወደ ላይ ሳብሁ። ውሃው ወገቡ፣ ቀጥሎ ደረቱ ደረሰ። እሱን ባዳለጠው ቁጥር አንገቱ ላይ እጠመጠማለሁ። መሐል ላይ ተረከዜ ሲረጥብ ተሰማኝ። «ነካኝ! አባየ፣ ነካኝ!»

«ዝናብ ነው፣ ልጀ፣ ዝናብ ነው» አለ።

ዝናብ አልነበረም።

ጉብታው ላይ ሲያወርደኝ ተረከዜን እያየሁ እብደቱን እጠብቅ ጀመር። ቀና ስል ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከዋንዛው ሥር፣ ጥቁሪት ተኝታለች። ቡችሎቿ ሆዷ ሥር ይርመሰመሳሉ። ለካ ያን ቀን ደንገሉ ውስጥ ደብቃ የነበረው እነሱን ኖሯል! እኔ ግን ያኔ ይህን አላሰብሁም። አባቴ ወደ ኋላው ገፋ አድርጎኝ ዱላ አነሣ። ጥቁሪት ተነሥታ አየችን። ወደ እኛ አልመጣችም። ወደ ጎርፉ ዳር ወርዳ አንገቷን ደፋችና ውሃ ጠጣች።

የአባቴ ዱላ ከእጁ ወደቀ። «ጠጣች» አለ። «እያት ልጀ፣ ጠጣች እኮ!» ከዚያ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ያ ኩሬያችን ዛሬ የሩዝ ማሳ ሆኗል። አባቴም ጉልበቱ ደክሞ፣ ዓይኑ ፈዝዞ ከእኛ ጋር ይኖራል። ያ ሁሉ ውሃ ያልጣለው ሰው አሁን መናፈሻዋ ድረስ የሚደርሰው በእኔ ትከሻ ተደግፎ ነው። ኩሬው ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን። ሰንሰለቱ የተፈታለት ውሻ ወደ ኩሬው ሲሮጥ ልጄ ልትከተለው እጄን ትጎትታለች፤ እኔ አልለቃትም። አባቴ የውሻውን ኮቴ ሰምቶ አንገቱን ያቀናል።

«ጠጣ?» ይለኛል።

«ጠጣ፣ አባየ።»

ያኔ የልጄን እጅ እለቃለሁ።