ማገጃ ያለው ሽጉጥ

ባሌ ሽጉጥ የመያዝ ፈቃድ የጠየቀው መኪናው ለሁለተኛ ጊዜ መንገድ ላይ ከተዘረፈ በኋላ ነው። ከሞያሌ ወደ ሶሎሎና ወደ ኡራን በፒካፕ ስኳር፣ ዱቄትና ሳሙና እያመላለሰ ለትንንሽ ሱቆች ያከፋፍል ነበር። እኔ በኬንያው በኩል፣ ከድንበሩ ኬላ ብዙም ሳይርቅ፣ ሹፌሮች የሚበሉባት ትንሽ ሆቴል አለችኝ። አንዲት ልጃችን ናይሮቢ ነው የምትሠራው። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እሱና እኔ ነበርን።

ፈቃዱ ሲወጣ ሽጉጡን ለመግዛት ናይሮቢ አብረን ሄድን። ልጄ ናፍቃኛለች ብዬ ነበር የተነሳሁት፤ እርግጥ ናፍቃኝ ነበር፤ ግን ምን ዓይነት መሣሪያ ይዞ ቤቴ እንደሚገባም በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር። ሻጩ ሁለት ሽጉጦች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልን። ሁለቱም ትንንሽ ናቸው፤ ከሸሚዝ ሥር ቢታጠቋቸው ማንም አይለይም። የአንዱ ጎን ላይ በአውራ ጣት ወደ ታች የሚገፋ ትንሽ ማገጃ አለ፤ ሴፍቲ የሚሉት። ማገጃው ወደ ላይ እንዳለ ቃታ ቢሳብ ሽጉጡ አይተኩስም። ሌላው ይህ የለውም። መምዘዝና ቃታ መሳብ ብቻ ነው።

እዚያው ሱቅ ተኩስ የሚያስተምረው ሰውዬ ረጋ ያለ ነበር፤ ማገጃ የሌለውን እንዲገዛ መከረው። ሰው ሲደነግጥ እጁ የሚያውቀውን እንኳ ይረሳል፣ ሽፍታ ደግሞ አውራ ጣትህ እስኪያስታውስ አይጠብቅህም አለው። ጠንካራ የሽጉጥ ማኅደር ቃታውን ከሸፈነ፣ ጣትህም ቃታው ላይ ካልዋለ፣ ደህና ሽጉጥ በራሱ አይተኩስም ብሎ አስረዳን። ባሌ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማ ነበር። ልቡ ወደዚያኛው እንዳደላ አወቅሁ።

እኔ ደግሞ ዋልዳ መጣብኝ። ዋልዳ የስደተኛ ሰፈር በነበረበት ጊዜ ልጅ ሆኜ እዚያ እኖር ነበር። አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ለውኃ ተሰልፈን ሳለ፣ ከፊታችን የነበረ የቀድሞ ወታደር ጀሪካኑን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ከኮቱ ሥር ሽጉጥ መታጠቁን ማንም አያውቅም ነበር። ተኩሱን ስንሰማ ሁላችንም መሬት ላይ ተኛን። ቀና ስንል ሰውዬው ተቀምጦ ጭኑን በሁለት እጁ ጨብጧል። አልጮኸም። እንዳፈረ ሰው ፊቱን ከእኛ አዞረ። ከዚያ በኋላ ያለ ምርኩዝ ሲሄድ አላየሁትም።

ከሱቁ እንደወጣን ይህን ነገርኩት። ስትቀመጥ፣ ስትነሳ፣ ከመኪና ስትወርድ ልብስህ ቃታው ውስጥ ቢገባስ አልኩት። ማኅደር እንዳለው፣ የአሁን ሽጉጥ እንደ ድሮው እንዳልሆነ ደጋግሞ ነገረኝ። አልተዋጠልኝም። መጨረሻ ላይ ደከመውና ቆመ።

"በሰላም የምትተኚ ከሆነ ማገጃ ያለውን እገዛለሁ" አለኝ። "ላንቺ ስል።"

ደስ አለኝ። ተመልሰን ገባንና ገዛው።

መጀመሪያ ላይ ጠዋት ጠዋት ይለማመድ ነበር። ጥይቱን ያወጣል፣ ባዶ መሆኑን ደግሞ ያያል፣ ከዚያ ከሸሚዙ ሥር እየመዘዘ ማገጃውን በአውራ ጣቱ ይገፋል። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ከጓዳ እሰማለሁ። ሥራ ሲበዛበት ልምምዱ እየቀነሰ ሄዶ ቀረ።

ሽጉጡ ገና አንድ ጥይት ሳይተኩስ ባሌን ከሰው ለይቶብኝ ነበር። ድሮ ከሹፌሮቹ ጋር ተደባልቆ የሚበላው ሰው፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ለብቻው መቀመጥ ጀመረ። ሰው ሊያቅፈው ሲመጣ እጁን ዘርግቶ ከሩቅ ይጨብጣል። መሣሪያ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አልገባም ብሎ እሑድ እሑድ መኪናው ውስጥ ሆኖ ቅዳሴ እስኪያልቅ ይጠብቀኝ ጀመር። ውስጥ ለብቻዬ አስቀድሳለሁ፤ እሱም ውጭ ለብቻው ይቀመጣል።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከሶሎሎ ሲመለስ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው መንገዱ መሀል ቆሞ አገኘው። መኪናውን ሲያቆም ሌላ ሰው፣ እሱም ጠመንጃ የያዘ፣ ከቁጥቋጦው ወጥቶ በሩ አጠገብ ደረሰ። ባሌ ሽጉጡን መዘዘ። በልምምድ እንኳ እንደዚያ ፈጥኖ መዝዞ እንደማያውቅ ነግሮኛል። በሩ አጠገብ ባለው ሰው ደረት ላይ አነጣጥሮ ቃታውን ሳበ። ምንም የለም። እንደገና ሳበ። አውራ ጣቱን ጭራሽ አላስታወሰውም። ሰውዬው በጠመንጃው ሰደፍ እጁን መታው፤ የአውራ ጣቱ አጥንት ተሰበረ። ሽጉጡን፣ ስልኩንና ኪሱ ውስጥ ያለውን ወስደው ሄዱ። እሱ በግራ እጁ እየነዳ ወደ ሶሎሎ ተመለሰ።

እኔ በማግሥቱ በጭነት መኪና ሶሎሎ ሆስፒታል ደረስኩ። እጁ በጀሶ ታስሮ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

"ቃታውን ሳብኩት" አለኝ። "አልተኮሰም።"

ተመስገን፣ አንተ ተርፈሃል አልኩት። ወደ መስኮቱ ዞረ።

ቤት ከገባን በኋላ ፖሊሶች ስለጠፋው ሽጉጥ ደጋግመው ጠየቁት። ለእነሱ በስዋሂሊ አጠር አድርጎ ይመልሳል። ከእኔ ጋር ግን ወሬ አለቀበት። በአንቺ ምክንያት ነው ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ መልስ ነበረኝ፤ በልቤ ስንት ጊዜ አዘጋጅቼው ነበር። ዛሬ ይለኛል፣ ነገ ይለኛል እያልኩ ምግቡን አቀርባለሁ፤ በልቶ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ ይነሳል። ሰው የማያውቀው ቤት ሲጋበዝ የሚለው ዓይነት ነው።

ከሰዓት ከሰዓት ሻይ የሚጠጡብኝ አንድ ጡረተኛ ፖሊስ አሉ፤ ቦረና ናቸው፤ ሁላችንም በስዋሂሊ ምዜ፣ ሽማግሌው፣ ነው የምንላቸው። እስቲ ያነጋግሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሦስታችን ተቀመጥን። ምዜ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማገጃ ያለው ሽጉጥ እንደታጠቁ፣ አንድ ቀንም እንዳልተጸጸቱ አወሩለት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሁለት ጠመንጃ ነው የነበረው" አሉት። "አንዱን ብትመታ ሁለተኛው ይመታህ ነበር። ዛሬ እዚህ ቤት ሻይ አልነበረም፤ ለቅሶ ነበር።"

"ወይም ሁለቱም ይሸሹ ነበር" አለ ባሌ። "ተኩስ ሲሰማ የሚሸሽ ሽፍታ ሞልቷል። እርስዎም ያውቃሉ።"

ምዜ ሊክዱት አልፈለጉም። "ፖሌ" አሉት፤ በስዋሂሊ አይዞህ እንደ ማለት ነው፤ ትከሻውን ነካ አድርገው ሻያቸውን ጨረሱ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህን የሚፈርድልን ሰው አልነበረም። እኔ ማገጃው አተረፈልኝ እላለሁ፤ እሱ ማገጃው እጄን አሰረው ይላል። ሁለታችንም ያልሆነውን ነገር ነው የምናወራው።

እጄን ያመኛል፣ እየተገላበጥኩ እረብሽሻለሁ ብሎ አልጋውን ወደ ዕቃ ክፍሉ አዛወረ። ቀጥሎ አውራ ጣቱን ለመታከም ወደ ልጃችን ናይሮቢ ሄደ። ሕክምናው ሲያልቅ አንድ መጋዘን ውስጥ ሥራ እንዳገኘ ነገረኝ። አልተጣላንም። እሱ ቀረሁ አላለም፣ እኔም ቀረህ አላልኩም። ፒካፑን ሸጥን። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ይደውላል፤ ስለ ልጃችንና ስለ ጤና እናወራለን።

እኔ ቀኑን ሙሉ ከደጋ ነጋዴዎች ጋር በአማርኛ፣ ከከብት ነጂዎች ጋር በኦሮምኛ፣ ከሹፌሮች ጋር በስዋሂሊ ሳወራ እውላለሁ። በሩን ከዘጋሁ በኋላ በአንዱም የማናግረው ሰው የለም። ባለቤትሽስ ሲሉኝ ናይሮቢ ነው እላለሁ። ውሸት የለበትም።

በቅርቡ ከሆቴሌ ጎን ስልክ የምትሸጥ ጎረቤቴ መጣች። ባሏ የሽጉጥ ፈቃድ ሊያወጣ ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሏቸው።

"እትዬ፣ ማገጃ ያለው ነው የሚሻለው የሌለው?" አለችኝ።

ምንም ለማይሆንበት ቀን ማገጃው ጥሩ ነው አልኳት፤ አብዛኛው ቀን ደግሞ እንደዚያ ያለ ቀን ነው። የሆነ ነገር ለሚሆንበት ቀን ግን እጁ ሳያስብ የሚገፋው ካልሆነ ዋጋ የለውም። በየቀኑ የማይለማመድ ከሆነ የትኛውንም ባይገዛ ይሻላል።

"የባለቤትዎ የትኛው ነበር?"

"ያለው።"

"አዳነው?"

"አላውቅም" አልኳት። "አንድ ነገር ልንገርሽ። የሚታጠቀው እሱ ነው፤ እሱ ይምረጥ። የምትፈሪውን ሁሉ ንገሪው፤ ግን ለእኔ ስትል አትበይው።"

አጭር መልስ ፈልጋ ነበር የመጣችው። ቅር ብሏት ሄደች።

እሑድ ሲደውል ጎረቤቴ የጠየቀችኝንና የመለስኩላትን ሁሉ ለባሌ ነገርኩት። ምዜ ካነጋገሩት ቀን ወዲህ ስለ ሽጉጥ አንስተን አናውቅም ነበር። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

"ልጆች አሏቸው አላልሽም?" አለ።

"ሁለት።"

"እንግዲያው ማገጃ ያለውን ይግዛ በያት። ልምምዱን ግን አይተው።"

እሺ አልኩት። ሌላ ነገር ይጨምራል ብዬ ጠበቅሁ። ልጃችን ምሳ አቅርባ እንደምትጠራው ነገረኝ፤ ድምፅዋም ከኋላ ተሰማኝ። ሂድ፣ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ አልኩት። ከዚያ ነጠላዬን አጥፌ አስቀመጥኩና ሆቴሉን ለመክፈት ወጣሁ።