ሜይዴይ በዓል አይደለም

ናይሮቢ ውስጥ፣ ሳውዝ ሲ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለች የበረራ ትምህርት ቤት የራዲዮ ሠራተኛ ሆኜ የገባሁ ዕለት ጉድ ሆንኩ። አሠልጣኙ ካፒቴን ሞሪስ ተማሪዎቹን ሲያለማምድ «ሜይዴይ! ሜይዴይ! ሜይዴይ!» አለ። እኔ የማውቀው ሜይ ዴይ የሠራተኞች ቀንን ነው! ብድግ ብዬ በእንግሊዝኛ «እንኳን አደረሳችሁ!» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ አውካካ።

«ወንድሜ፣ በዓል አይደለም» አለኝ ሞሪስ እንባውን እየጠረገ። «ፓይለት ሲጨንቀው የሚጣራበት ቃል ነው። ድሮ አንድ የለንደን የራዲዮ ሰው ነው ያወጣው። በረራው የሚበዛው ወደ ፓሪስ ስለነበር፣ ለሁለቱም ወገን እንዲገባ ከፈረንሳይኛው ‹ሜዴ› ወሰደው። እርዱኝ ማለት ነው።»

እርዱኝ! ቃሉን እንዴት እንደወደድኩት! ከዚያ ወዲህ ለመጣ ተማሪ ሁሉ ሳልነግር አላልፍም። ሞሪስ «ደግሞ ጀመረህ!» እያለ ይስቅብኛል።

ከተማሪዎቹ አንዷ ሐና የሐበሻ ልጅ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ሳውዝ ሲ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ስትበር፣ ከንጎንግ ኮረብቶች በኩል ድምጿ በትምህርት ቤቱ ራዲዮ መጣ።

«ፖሌ አንክል፣ ሥራ ይዘህ ከሆነ... ኤንጂኑ ትንሽ እያንገጫገጨኝ ነው። ፓወር እየቀነሰ ነው።»

ፖሌ! ሞተር እየከዳት እኔን ይቅርታ ትጠይቃለች!

«ለታወሩ ተናገርሽ?» አልኳት፤ የበረራ መቆጣጠሪያ ማማውን ማለቴ ነው።

«አይ፣ ዛሬ ቢዚ ናቸው። ላስቸግራቸው አልፈለግኩም፤ ምናልባት ይተወው ይሆናል።»

ወይኔ! አፏ የናይሮቢ፣ ይሉኝታዋ ግን የእናቷ!

«ሐናዬ፣ ሜይዴይ ማለት ምን ነበር ያልኩሽ?»

«እርዱኝ።»

«በያ በይዋ! ለታወሩ! አሁኑኑ!»

የታወሩን መስመር የምንሰማበትን ራዲዮ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ከዚያ «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ!» ድምጿ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ወጣ!

ታወሩ ወዲያው መንገዱን ሁሉ ለእሷ ለቀቀ። ሊያርፍ የተቃረበ ትልቅ አውሮፕላን እንኳ ዞረላት። እኔና ሞሪስ ወደ ውጭ ሮጥን። ሞተሩ እያስነጠሰ መጣች፣ ዝቅ አለች፣ ጎማዋ አስፋልቱን ነካ! ወንድ መሆኔን ረስቼ እልልታዬን አቀለጥኩት።

ወርዳ መጀመሪያ ያለችው «ፖሌ፣ ሰውን ሁሉ አስቸገርኩ» ነው።

«ታወሩ የተሠራው ለምን መሰለሽ?» አላት ሞሪስ፣ እቅፍ አድርጎ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ለተተኪዬ የነገርኩት ይህን ነው፦ ቃሉን ብቻ አታስጠናቸው፤ ትርጉሙንም ንገራቸው። ሰው ሲቸግረው ሰው ይጠራል።