ጽሑፉ የሚነበብበት ቴሌቪዥን

ሴትዮዋ የጁነይድ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የገባችው የሸዋ ሮቢት ሙቀት ገና ሳይበርድ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ትመስላለች። በፎጣ የጠቀለለችውን ላፕቶፕ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛለች፤ የጥቁር ሂጃቧ ጫፍ ከማጀቴ ከተማ የሚያመጣውን መንገድ አቧራ ለብሷል።

«ጌም የሚጫወቱበት ቴሌቪዥን ፈልጌ ነበር፤ ርካሽ ሆኖ ጥቃቅኑ ጽሑፍ የሚነበብ።»

«ለልጅዎ ነው፣ እናቴ?»

«የምጫወተው እኔ ነኝ።»

ጁነይድ ሳቁን ዋጠ። እሷ ግን ላፕቶፑን ራሷ አንዱ ቴሌቪዥን ላይ ሰካች፤ በስልኳ ኢንተርኔት ጨዋታውን ከፈተች። ሽንኩርት ሲነቅሉ የሻከሩ ጣቶቿ የእሽቅድምድም መኪናዋን ያለ ስህተት ይነዳሉ። ዓይኗ ግን መንገዱን ትቶ ጥግ ላይ ያለችውን የመልእክት ሳጥን ይጠብቃል። ፊደሉ ደብዛዛ ሆነባትና፦

«ሌላ አሳየኝ» አለች።

ጁነይድ ካርቶኑ ስለተቀደደ ዋጋው የቀነሰ፣ ምስሉ ጥርት ያለ ፎርኬ ቴሌቪዥን አመጣላት፤ ላፕቶፑን እሱ ላይ ሰካች።

«ልጄ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል። «ስልኳን ቀምተዋታል። ልክ በዚህ ሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ የሰዎቹ ልጆች ይህንን ጌም ሲያጫውቷት በዚህች ሳጥን ነው የምትጽፍልኝ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ድምጿ ከጠፋ።»

አንድ ደንበኛ ሊገባ ሲል ጁነይድ በእጁ አስቆመው። እሱና ሴትዮዋ ስክሪኑን እያዩ ጠበቁ። አንዲት ቀይ መኪና ከኋላ ደርሳ ከሴትዮዋ መኪና ጎን ቆመች፤ ሳጥኗ ውስጥም ጽሑፍ ወጣ፦ «እማ አለሁ። ሰዎቹ መጡ»።

ቀይዋ መኪና ወዲያው ጠፋች።

ሴትዮዋ ጣቶቿን ከላፕቶፑ ቁልፎች አላነሳችም። ወደ ጁነይድ ዞራ፦

«ይኸኛው ይሁንልኝ» አለች። «እያንዳንዷ ፊደል ትታያለች።»