ልጄ «ዳውን» ያላለችበት ቀን

ልጄ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ውጭ አገር በምንኖርበት ከተማ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ ጂም ቺርሊዲንግ ትሠራለች፤ ጓደኛን መዳፍ ላይ አቁሞ ወደ ላይ መወርወርና መልሶ መቅለብ ያለበት የውድድር ስፖርት ነው። እሷ ከሥር ተሸካሚ ነበረች። እኔም አዲስ አበባ በልጅነቴ ሰርከስ ስለሠራሁ፣ ከሥራ መልስ አሰልጣኟን በነጻ አግዝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከእገዛዬ ጉራዬ ይበዛ ነበር። እኛ የሰው ፒራሚድ የሠራነው ሊሾ ላይ ነው፣ እነዚህ ፍራሽ ተነጥፎላቸውም ይፈራሉ እላለሁ።

አሰልጣኟ አንድ ሕግ ነበራት። ከተሸካሚዎቹ አንዷ እንኳ ካልተመቻት «ዳውን!» ትላለች፤ ከላይ ያለችውን ወዲያው ያወርዷታል፤ ለምን አልሽ ብሎ የሚቆጣ የለም። ትርኢቱን የምታቅደውም በዚሁ ነው፤ ከባድ ነገር ያለ «ዳውን» አሥር ጊዜ በተከታታይ ካልተሠራ ውድድር ላይ አይገባም። የመጨረሻውን ውርወራ ልታስወጣው ስትል ሙግት የገጠምኳት እኔ ነኝ። ያለ እሱ ትርኢቱ ጨው የሌለው ወጥ ነው አልኳት። አሥሩን ካመጡ ይገባል አለች።

ያን ሰሞን ልጄ በአንድ ልምምድ ሦስት ጊዜ «ዳውን» አለች። አፈርኩባት። መኪና ውስጥ እንደገባን ጀመርኩ።

«ምን ሆነሽ ነው ዛሬ?»

«ማይ ሪስት… እጄን ትንሽ አመመኝ፣ ባባ።»

«እኛ ከሥር ስንሆን አንናገርም ነበር። ጥርስን ነክሶ መቻል ነው።»

«ኦኬ» አለች። ቀበቶዋን አስራ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ከዚያ በኋላ «ዳውን» ስትል አልሰማሁም። አሥሩ ሞላ፣ ውርወራው ገባ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ከውድድሩ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ የተወረወረችውን ልጅ ሊቀልቧት ሲሉ የልጄ እጅ ከዳት። ልጅቷ ወደቀች፤ ክርኗ ተሰበረ።

ሐኪም ቤት የልጄም እጅ አብጦ ስላዩት ራጅ አነሷት። አጥንቷ ቀድሞ የተሰነጠቀ ነበር። ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ እንደሚያማት ሲጠይቃት፣ እኔን ሳታይ «ስሪ ዊክስ» አለች፤ ሦስት ሳምንት። አሰልጣኟ ኮሪደሩ ላይ ራሷን ትወቅሳለች፤ አሥሩን ቆጥሬ ነበር እኮ ትላለች። መኪና ውስጥ ምን እንዳልኩ አልነገርኳትም። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም፤ ያንገበግበኛል።

ለልጄም ያልነገርኳት አለ። ሊሾው ላይ ዝም ያልኩት ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ቦታዬን ሌላ ልጅ እንዳይወስድብኝ ፈርቼ ነው። ቀኝ ክንዴ ዛሬም ከትከሻዬ በላይ አይነሳም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ሰው ስመክር የኖርኩ ሰው፣ የገዛ ልጄን መደበቅ አስተማርኳት።

ያቺ የወደቀችው ልጅ ድናለች። ልጄ ስፖርቱን ተወችው፤ አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ «ኢትስ ኦኬ» ብላኛለች። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ በአንድ በኩል ብቻ ስታኝክ አየኋት።

«ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?»

«አይም ፋይን፣ ባባ።»

«ዳውን በይ፣ ልጄ» አልኳት።

ፈገግ አለች። ከዚያ በዚያው በኩል ማኘኳን ቀጠለች።