እያወቅኩ የወደቅኩበት ፈተና

ነገሩ የደረሰብኝ ጣሊያን ሐረር ከመግባቱ በፊት፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ሰሞኑን የልጅ ልጄ ያጠናችው ሁሉ ፈተና ላይ ጠፍቷት ባዶ ወረቀት አስረከበች። እናቷ "ሰነፍ" ስትላት ሰማሁና ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

በኛ ጊዜ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና በቃል ነበር። ወላጆች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። አንዱ ልጅ መልሱን ካጣ ሌላው ይጠየቃል፤ የመለሰው ያልመለሰውን በጥፊ ይመታል። ደንቡ ይህ ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ከሰፈራችን ከሸዋ በር ስንነሣ አባቴ፣ "ካለፍሽ ትቀጥያለሽ። ከወደቅሽ ግን ትምህርቱ ይብቃሽ፤ ዘመዶችሽ ባል ፈልገውልሻል" አለኝ።

መምህሩ አስቆመኝና "ሰባት ጊዜ ስምንት?" አለ።

አውቀዋለሁ። ጎረቤቴን አስናቀችን ሳምንቱን ሙሉ በባቄላ እየቆጠርኩ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ግን አግዳሚው ላይ አባቴን ሳይ ፈራሁና ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ።

"ምነው፣ ምላስሽን ቤት ረሳሽው?"

ወላጆቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም።

"አስናቀች፣ አንቺ በይ።"

"ኀምሳ ስድስት፣ ጌታዬ።"

"በይ ምቻት።"

ጉንጬን ነካ አደረገችኝ።

"ዝንብ ነው የምታባርሪው? ደህና አድርገሽ!"

ሁለተኛው አቃጠለኝ። ንዴቱ አፌን ከፈተው። ኀምሳ ስድስት፣ ስልሳ ሦስት፣ ሰባ እያልኩ የሰባትን ብዜት እስከ መጨረሻው አወረድኩት። የተረፍኩ መስሎኝ ነበር።

መምህሩ ወደ አባቴ ዞረ። "አዩልኝ? እያወቀች ነው የዘጋችኝ። ይህ ንቀት ነው። ወድቃለች።"

"ፈርታ እኮ ነው" አለች አስናቀች።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?"

አባቴ ቃሉን አላጠፈም። ዳሩኝ። ትምህርት ቤት የተመለስኩት ጣሊያን ከወጣ፣ እኔም ከባሌ ከተፋታሁ በኋላ፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር ተቀምጬ ነው። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሻለሁ።

መምህሩ አርጅቶ ሲሞት ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ ደረሰ። እኔ አልሄድኩም። ሰው ታዘበኝ። "የዘመኑ ልማድ ነው፣ ይቅር በያቸው" ያሉኝም ነበሩ። ልማድ መሆኑን አላጣሁትም። የፈራ ልጅ ፊትና የናቀ ልጅ ፊት ግን አንድ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ ልጆች ፊት የቆመ ሰው ይህን መለየት ነበረበት። ያን ጊዜ አላዘንኩለትም። ዛሬም አላዝንለትም።