ቡናው ከላይ እንዲታይ

አጎቴ ከሰማይ ለመታየት የፈለጉት ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ መታየት የማይወዱ ሰው ነበሩ። ሸቤ ገበያ ሲወርዱ እንኳን ዋናውን መንገድ ትተው በጓሮ በኩል ይገባሉ፤ መንገድ ላይ የሚያገኟቸው ሰዎች ሰላምታ ያበዛሉ ይላሉ። ቡናቸውም እንደ እሳቸው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ፣ በዋንዛና በሰሳ ዛፎች ጥላ ሥር ተደብቆ የሚኖር ቡና ነው። ከመንገድ ቆሞ የሚያይ ሰው ጫካ ነው ብሎ ያልፋል።

ጫካ ግን አይደለም። በየዓመቱ ከለቀማ በፊት አረሙና ቁጥቋጦው ይጸዳል፤ ያረጀው ቡና እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ይጎነደላል፤ ጥላው የበዛበት ቦታ ላይ ቅርንጫፍ ይቀነሳል። ትልልቆቹ ዛፎች እዚያ የቆሙት የሚቆርጣቸው ጠፍቶ አይደለም። ጥላ የሌለው ቡና ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ አንድ ዓመት እስኪጎብጥ ያፈራና ለሚቀጥለው ዓመት ይታመማል። ይህን ለጅማ ሰው ማስረዳት ውሃ ያረጥባል ብሎ እንደ ማስተማር ነው። ለተቀረው ዓለም ግን እንዴት እንደሚነገር እስካሁን አላወቅንበትም። ንዴቴ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

ነገሩ በደግ ሐሳብ መጀመሩን አልክድም። ባሕር ማዶ ቡና የሚገዙ ሰዎች፣ ደን ተጨፍጭፎ ከተተከለበት መሬት የመጣ ቡና አንጠጣም አሉ። በጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ባሉት ካፌዎች ሁሉን ተቃዋሚ ተብዬ የምታወቀው እኔ እንኳን ይህን አልተቃወምኩም። ከዚያ በኋላ የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ ካርታ ላይ ይግባ ተባለ፤ ማሳው ቀድሞ ደን መሆን አለመሆኑን ደግሞ ሳተላይት ያነሳው ፎቶ ይመስክር ተባለ። አንድ ቀን አንድ ሰው ስልክ ይዞ መጣና የአጎቴን ማሳ ዙሪያውን ዞረው። አጎቴ ከኋላው እየተከተሉ ወሰናቸውን አሳዩት። ቡናውን ግን አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም አላሳዩትም። ቡናው መሐል የቆመ ሰው ቡናውን አያይም ብለው አልጠረጠሩም።

እኔ ጠዋት ጠዋት የምቀመጥበት ካፌ ውስጥ አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር ነው። ከአዲስ ነገር ጋር ፍቅር የያዘው ሰው ነው። የማሳው ካርታ ወሬ ሲደርሰው ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

«ደላላ ቀረ፣ ማጭበርበር ቀረ» አለኝ። «ሳተላይት ጉቦ አይበላም።»

«አቤቱታም አይሰማም» አልኩት።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ደላላውን ቢያንስ ኮሌታውን ይዤ እጨቃጨቀዋለሁ። ሳተላይቱን የት አገኘዋለሁ?»

«አንተ የምትጨቃጨቀው ካጣህ ዓለም ያለቀች ይመስልሃል» አለና ሳቀብኝ። ስለ እኔ የተናገረው እውነት ነው፤ ጥያቄዬ ግን ስለ ሳተላይቱ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አጎቴ ደወሉልኝ። ስልክ ሲያወሩ ወንዝ ማዶ ካለ ሰው ጋር እንደሚነጋገር ሰው ይጮኻሉ።

«ቡናህ አይታይም አሉኝ» አሉ።

«ለማን ነው የማይታየው?»

«ላይ ላለው።»

«አብዬ፣ ላይ ላለው የማይታይ ነገር አለ እንዴ?»

«አስተግፊሩላህ። ለእሱ አይደለም። ለዚያችኛዋ ነው፣ ለምትዞረዋ።»

ቀስ በቀስ ገባኝ። እሸት ቡና ወደሚያስረክቡበት ጣቢያ ሄደው ማሳቸው መመዝገቡን ጠይቀዋል። ተረካቢው ኮምፒዩተሩን አይቶ፣ ማሳህ ፎቶው ላይ ደን ሆኖ ነው የሚታየው፣ ቡና የሚባል ነገር አይታይበትም ብሏቸዋል። የሚያጣራ ሰው መጥቶ እስኪያረጋግጥ ድረስ የዚህ ማሳ ቡና ወደ ውጭ ከሚላከው ጋር አይቀላቀልም። አጎቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከቀይ እሸት በቀር ለቅመው አያውቁም። ጣቢያው በተከፈተ ቁጥር ተረካቢዎቹ የእሳቸውን ጆንያ ሳይፈትሹ ይቀበሉ ነበር። አሁን ለውጭ ገበያ አይሆንም መባል ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ከድምፃቸው ተረዳሁ።

ወዲያው ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። እዚሁ ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ነው የምትኖረው፤ እንጀራዋ ካርታ መሥራት ነው።

«ጋሼ፣ ምንም ነገር እንዳይነካ» አለችኝ። «የሚያጣራ ሰው እስኪመጣ ማሳው እንዳለ ይቆይ። ቅዳሜ አብረን እንሂድ፣ እኔ ራሴ ፎቶ አንስቼ ማስረጃ አዘጋጅላቸዋለሁ።»

ይህንኑ ለአጎቴ ነገርኳቸው። «ኢንሻአላህ» አሉ። አጎቴ ግን የሚያጣራ ሰው ይመጣል እየተባሉ ያረጁ ሰው ናቸው። ለመንገዱ የሚያጣራ ይመጣል፣ ለውሃው የሚያጣራ ይመጣል ተብለዋል። አንዱም ስላልመጣ ነገሩን በራሳቸው መንገድ ሊጨርሱት ወሰኑ።

ቅዳሜ ሸቤ ወርደን ቁልቁለቱን ስንጀምር የመጥረቢያ ድምፅ ሰማን። አንድ መጥረቢያ አልነበረም። የእህቴ ልጅ ቆም አለችና አየችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ፈጠን ፈጠን እያልን ወረድን።

ደቦ ነበር። የሰፈሩ ወንዶች በሙሉ መጥተዋል። አጎቴ ንጹሕ ሸሚዛቸውን ለብሰው መሐል ቆመዋል፤ ልጅ ሲድሩ እንኳን እንዲህ ደስ ብሏቸው አላየኋቸውም። የማሳው የላይኛው ግማሽ ተከፍቷል። ዕድሜዬን በሙሉ እንደ ምሽት ደብዘዝ ያለ ብርሃን የማውቅበት ቦታ ላይ ቀጥ ያለ ፀሐይ ወርዶበታል። ዛፎቹ እዚህም እዚያም ተጋድመዋል፤ ወድቀው የሰባበሩት ቡናም አለ። የተረፈው ቡና ብርሃኑ ውስጥ ራቁቱን የቀረ ይመስላል።

«ደረሳችሁ?» አሉ አጎቴ። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «እስቲ አሁን ትየውና።»

የእህቴ ልጅ ወደ አንዱ የወደቀ ግንድ ሄደች። «አባባ፣ ማን ነው ቁረጡ ያላችሁ?»

«ማንም አላለም። አይታይም ካሉ መክፈት ነዋ። እንግዳ በር ላይ ቢቆም አትከፍቺለትም?»

ስህተቱ ውስጥ ስንፍና የለበትም፣ ክፋትም የለበትም። አይታይም የተባለ ሰው እንዲታይ አድርጓል። ከዚህ የበለጠ ቀና ነገር ምን አለ?

ያን ጊዜ የእህቴ ልጅ ሰዎቹን ሰብስባ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ታስረዳቸው ጀመር። ሳተላይቷ ከላይ የምታየው የዛፉን አናት ብቻ ነው። ሥሩ ያለውን ቡና አታይም። ግን በየጊዜው ፎቶ ታነሳለች፣ የድሮውን ከአዲሱ ጋር ታስተያያለች። ባለፈው ወር ዛፍ የነበረበት ቦታ ዛሬ ባዶ ከሆነ፣ እዚህ ደን ተጨፍጭፏል ብላ ትመዘግባለች።

ከአጎቴ ማሳ ቀጥሎ የሚያርስ፣ ቀልድ የሚወድ አንድ ጎረቤት አለ። መጥረቢያውን መሬት ላይ አስደግፎ ሲሰማ ቆየ።

«ቆይ እስቲ» አለ። «ቡናውን ማየት ያቃታት ዛፉ ሲወድቅ አየች?»

«አዎ» አለችው።

«ታዲያ ይቺ ዓይኗ የሚሠራው ለክስ ብቻ ነው?»

ሰዎቹ ሳቁ። እሷም ሳታስበው ሳቀች። አጎቴ ግን አልሳቁም። የተጋደሙትን ዛፎች በዓይናቸው እየቆጠሩ እንደሆነ አየሁ።

«እንግዲያው የታችኛው ግማሽ አይነካ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ሥራው እዚህ ላይ ይቁም።»

ይህን ማለት ቀላል የሚመስለው ደቦ ለማያውቅ ሰው ነው። ሰዎቹ ምሳ በልተዋል። ምሳ የበላ ደቦ፣ ሥራው ሳያልቅ ሂዱ አይባልም፤ የጠራቸው ሰው ቢለው መዋረድ ነው፣ እነሱም ያለ ሥራ የሰው ቤት በልተው እንደሄዱ ይቆጥሩታል። ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ተራው የዚያ የቀልደኛው ጎረቤት ነበር። የእሱም ማሳ አይታይም ተብሏል።

«ጊንጆዎች መጡ፣ ሊያዙን ነው» አለ አንዱ ከኋላ።

«ማዘዝ አይደለም፣ እያስረዳሁ ነው» አልኩ።

«ማስረዳትህን ጠዋት ይዘህ ብትመጣ ጥሩ ነበር። አሁን በልተናል።»

ቀጥዬ ስለ ባሕር ማዶ ገዢዎች፣ ስለ ካርታውና ስለ ሕጉ ተናገርኩ። ብዙ መጻሕፍት ማንበብ ሰውን በመጥረቢያ ድምፅ መሐል እንዴት ማናገር እንደሚቻል እንደማያስተምር ያን ቀን ተረዳሁ። ሁለት ሰዎች እየሰሙኝ ወደ ሌላ ዋንዛ መሄድ ጀመሩ።

ያስቆሟቸው አጎቴ ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ወንድሞቼ፣ ሥራ አለቀ አላልኩም» አሉ። «መጥረቢያው ይረፍ። የታችኛው ማሳ አረም ውጦታል፤ ለቀማ ደርሷል። ማጭድ ያለው ማጭዱን ያምጣ። የሌለው እነዚህን ግንዶች ከቡናው ላይ ያንሳልኝ።»

ደቦው ሥራ ተቀየረለት እንጂ አልተበተነም፤ የማንም ክብር አልተነካም። እስከ ምሽት አረም ሲያጭዱና ግንድ ሲያነሱ ዋሉ። የታችኛው ጥላ ተረፈ። ጎረቤትየውም ሲሄድ «የእኔው ተራ ይቅር፣ ተደብቄ እኖራለሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ የቀረን ተስፋ ደመና ነበር። በእኛ አገር ሰማዩ ደመና ይወዳል፤ ፎቶው ላይ ደመና ይውደቅና ነገሩ ሳይታይ ይለፍ ብዬ የተመኘሁት፣ ሳይንስ ከሰማይ ወርዶ ሰውን ይስማ እያልኩ የምከራከረው እኔው ነኝ። ደመናው ግን አልረዳንም። ለቀማው ተጀምሮ አጎቴ የመጀመሪያውን እሸት ወደ ጣቢያው ሲወስዱ፣ ማሳቸው ኮምፒዩተሩ ላይ ቀይ ሆኖ ጠበቃቸው። ማሳው በአንድ ወሰን የተመዘገበ ስለሆነ የላይኛው የታችኛውንም ይዞት ሄደ። ያልተነካው ጥላ ሥር የበቀለውም ቡና የደን ጨፍጫፊ ቡና ሆነ።

ጉዳዩን ወደሚመለከተው ቢሮ አብሬያቸው ሄድኩ። የተቀበለን ወጣት ትሑት ነበር፤ ቢቆጣን ይሻለኝ ነበር። ስክሪኑን አዙሮ አሳየን። የአጎቴ ዕድሜ ልክ ሥራ እዚያ የእጅ መዳፍ የምታክል ቀይ ነገር ሆኗል።

«ቡናው እኮ ከልጆቼ ይበልጣል በዕድሜ» አሉት አጎቴ። «መጥታችሁ እዩት።»

«አምናለሁ፣ አባባ። ግን እኔ ልቀይረው አልችልም። ሲስተሙ ነው።»

«የት ነው የሚቀመጠው? ሄጄ ላናግረው።»

ወጣቱ እያሾፉ መስሎት ፈገግ አለ። እሳቸው አላሾፉም። መልሱን እንደማያውቀው ሲረዳ ፈገግታው ጠፋ።

«እሺ፣ ሌላ ልጠይቅህ» አሉ። «ዛፎቹን መልሼ ብተክላቸው፣ ስንት ዓመት ሲሞላው ይረሳልኛል?»

«አይረሳም፣ አባባ። የድሮው ፎቶ እዚያው ነው የሚኖረው።»

«ሱብሃነላህ» አሉ አጎቴ። «አላህ እንኳን የተጸጸተን ሰው ተውበት ይቀበላል።»

ይህን ለፊዚክስ መምህሩ ወዳጄ ነገርኩት። አዘነ፤ ቀጥሎም ሲስተሙ ገና ጀማሪ ነው፣ ጥላ ቡናንና ደንን መለየት ይማራል አለኝ። ይማር ይሆናል። እየተማረ ያለው ግን በአጎቴ ላይ ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያውን የሚከፍሉት ደግሞ መማሩን እንኳን የማያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔ ሳተላይት አይኑር አላልኩም። ከዚያ ሁሉ ርቀት ዛፍ ሲወድቅ የሚያይ ነገር የሠራ ጭንቅላት፣ አንድ ሽማግሌ ተሳስቻለሁ፣ ወይም ተሳስታችኋል የሚልበት በር መሥራት እንዴት አቃተው ነው ያልኩት።

በኅዳር ወር፣ አንድ የገበያ ቀን ሸቤ ወረድኩ። አጎቴ የደረቀ ቡናቸውን ለአገር ውስጥ ነጋዴ ሊሸጡ መጥተው ነበር። ከአጠገባቸው ያ ቀልደኛ ጎረቤታቸው ጆንያው ላይ ተቀምጧል። እሱ አንድም ዛፍ አልቆረጠም፤ ማሳውም ፎቶው ላይ እስካሁን ደን እንደሆነ ነው፣ የሚያጣራ ሰውም አልመጣም። የቆረጠውና ያልቆረጠው ጎን ለጎን አንድ ነጋዴ ይጠብቃሉ።

«የላይኛው እንዴት ነው?» አልኳቸው አጎቴን።

«ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ነው። ሰሳ ተክዬበታለሁ።» እጃቸውን ከጉልበታቸው ትንሽ ዝቅ አድርገው ቁመቱን አሳዩኝ።

ጎረቤትየው ወደ ሰማይ ቀና ብሎ አየና ወደ አጎቴ ዞረ። «ምን ታማርራለህ» አላቸው። «አንተ ቢያንስ ታይተሃል።»

አጎቴ መሳቅ ፈልገው ነበር፤ አፋቸው ተንቀሳቀሰ። ነጋዴው መጥቶ ጆንያውን ከወሰደ በኋላ ዱላቸውን አንስተው፣ እንደ ድሮው፣ በጓሮ በኩል ወጡ።