በራችን ድረስ የታረሰው ማሽላ

ጎርፉ የወንዝ ዳር ቤታችንን ጠርጎ ሲወስደው፣ ወደ መልካ ጀብዱ መውጫ ካለ ሜዳ ላይ ቦታ ተለክቶ ተሰጠን። ሜዳ ነው ያሉት የለኩት ሰዎች ናቸው። ቆርቆሮውን መትተን ሳንጨርስ ዝናብ ጣለና አንድ ሽማግሌ በሬዎቻቸውን እየነዱ መጥተው ግድግዳችን ሥር ማረስ ጀመሩ።

ባለቤቴ ባጃጁን አቁሞ ወደ እሳቸው ሄደ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ግቢያችን ነው» አላቸው በኦሮምኛ።

«ግቢህን አልነካሁም ልጄ። እርሻዬን ነው የማርሰው» አሉት፣ ቀና ሳይሉ።

እርሻቸው ለእኛ ሲሰጥ ምትክ መሬት እንዳልተሰጣቸው ያወቅነው በኋላ ነው። የዘሩት ማሽላ አድጎ መስኮታችንን ሸፈነ። ነፋስ ሲነሳ ቅጠሉ ቆርቆሮውን ይፍቃል፤ ሰው የመጣ እየመሰለኝ ስንቴ ብድግ ብያለሁ። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስሸጥ ውዬ ስመለስም፣ ቤቱ በቦታው መኖሩን ሳላይ ልቤ አያርፍም ነበር።

አንድ አርብ ሽማግሌው ጁምዓ ለመስገድ እንደሄዱ፣ እንደ እኛ ከጎርፉ ተርፈው ቦታ የተሰጣቸው ጎረቤቶቻችን ማጭድ ይዘው ወጡ። ፍሬ መያዝ የጀመረውን ማሽላ ከሥሩ አጨዱት። እኛ በር ሲደርሱ ፊታቸው ቆምኩ።

«ይሄን ተዉት።»

«አቦ፣ አንቺ ከማን ጋር ነሽ?» አለችኝ አጠገባችን የምትኖረው ሴት። የጎርፉ ለታ ልጆቼን አቅፋ ያወጣችልኝ እሷ ናት። ከበሩ ግን ንቅንቅ አላልኩም፤ ትተውት አለፉ።

ሽማግሌው ተመልሰው ሲያዩ የታጨደውን መሰብሰብ ጀመሩ። ልጆቻቸው ግን ዱላ ይዘው መጡ፤ ድንጋይ ተወራወሩ፣ የአንዱ ጎረቤታችን ራስ ተፈነከተ። በመጨረሻ ከሁለቱም ወገን የአገር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኛ እንድንቆይ፣ ባለ እርሻው ሽማግሌም ምትክ እስኪያገኙ በቤቶቹ መሀል እንዳያርሱ ተባለ። ምትኩን ማን እንደሚሰጥ የተናገረ አልነበረም።

በራችን ላይ የተረፈውን ማሽላ ራሳቸው መጥተው አጨዱት። ውሃ ሰጠኋቸው፤ ቁጢጥ ብለው ጠጡ።

«የምትሄዱ ጊዜ ንገሪኝ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ባለቤት እንግዳውን እንደሚጠይቅ ነው የጠየቁኝ። ጣሳውን ተቀበልኳቸው።

ዘንድሮ ጎረቤቶቻችን ግቢያቸውን በድንጋይ አጥረዋል። ያቺ ሴት ሰላምታዬን ትመልሳለች፣ ቤቴ ግን አትገባም። ባለቤቴ ወለሉን ሲሚንቶ እናድርገው እያለ ይወተውተኛል። «የምትሄዱ ጊዜ» ያሉኝ ትዝ ይለኝና ዝናቡ ይለፍ እለዋለሁ። ለወለሉ የገዛው አሸዋ ከመጣ ቆይቷል፤ ደጅ ተከምሮ ዶሮ ይጭረዋል።